ድራይቩ «አልጽፍም» ሲል፦ ከመሐል ሜዳ ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር። የምትጽፈው ከመሐል ሜዳ ነው። አጎትህ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ያመጣው ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ የቤት ኮምፒውተር፣ ከነ1541 ዲስክ ድራይቩ (ዲስኬት ማንበቢያና መጻፊያው)፣ እጅህ ገብቷል። ድራይቩ ባና ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጧል። አበራኸው፣ ሠራ። የድሮ ዲስኬቶቹን ያነባል፣ ጨዋታውም ይከፈታል። ልትጽፍበት ስትል ግን ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና ስህተቱን ስታነበው «26 ራይት ፕሮቴክት ኦን» ይላል፣ መጻፍ ተከልክሏል ማለቱ ነው። በሁሉም ዲስኬት። ማሸጊያው ሳይከፈት በኖረው በአዲሱ ጭምር። አንዱ ጓደኛህ «ፎርማት አድርገው» አለህ፣ ፎርማቱም በዚያው በ26 ተመለሰ። ሌላው «ቫይረስ ነው» አለህ። አሁን «ጋሼ፣ ድራይቩን ልጣለው ወይ?» ትለኛለህ።

ኧረ አትጣለው!

መጀመሪያ ቫይረሱን እንሸኘው። እኛ አገር ኮምፒውተር አልታዘዝ ሲል ቀድሞ የሚከሰሰው እሱ ነው። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ለዚህ ትንሽ መነሻ ነበረው። በቫይረስ የተያዘ ፕሮግራም ከተዘጋ፣ ማለትም መጻፍ ከተከለከለበት ዲስኬት ላይ ስታስነሳ፣ ቫይረሱ ራሱን ሊቀዳ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ድንገት «ራይት ፕሮቴክት ኤረር» ብሎ ይጮህ ነበር። አንተ ምንም እንዲጽፍ ሳታዝዘው! ብዙ ሰው ቫይረስ መኖሩን የደረሰበት በዚህ ነው። ያንተ ግን ሌላ ነው። አንተ ጻፍ ብለህ ነው አልጽፍም ያለህ፣ ያውም በማንኛውም ዲስኬት። ፍላሽ ሲዘጋ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያ መዝገብ) ውስጥ ገብተህ እንዲህ አድርግ የሚሉትን ቪዲዮዎችም ተዋቸው። ኮሞዶር 64 ሬጂስትሪ የሚባል ነገር የለውም።

አሁን ስለ ድራይቩ። ያንተ ዲስኬት የ5 ከሩብ ኢንቹ፣ ሲይዙት የሚተጣጠፈው ነው። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ወረቀት የተለጠፈበት ጫፍ ወዳንተ ሆኖ ወደ ድራይቩ ልታስገባው ስትል በግራ ጠርዙ ላይ፣ ወዳንተ ቀረብ ብሎ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማይበልጥ አራት ማዕዘን ተቆርጦ የወጣ ቦታ ታያለህ። ኖች ይሉታል። እኔ ጥርስ እለዋለሁ፣ የወለቀ ጥርስ ስለሚመስል። ይህ ቦታ ክፍት ከሆነ መጻፍ ይቻላል። በፕላስተር ከተሸፈነ አይቻልም። ሕጉ በቃ ይኸው ነው።

ድራይቩ ይህን የሚያውቀው በብርሃን ነው። በዲስኬቱ ግራ ጠርዝ አንድ ትንሽ ኤልኢዲ (መብራት) አለ፣ ከማዶው ደግሞ ብርሃን የሚቀበል ፎቶትራንዚስተር። ዲስኬቱ በመካከላቸው ይገባል። ጥርሱ ክፍት ከሆነ ብርሃኑ ያልፋል፣ ድራይቩም «ይጻፍ» ይላል። ካልሆነ ብርሃኑ ይቋረጥና «ተከልክሏል» ይላል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ድራይቩ መከልከሉን የሚያውቀው ጨለማ ሲያይ ነው። ጨለማው ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ፕላስተር ሊሆን ይችላል፣ አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ኤልኢዲው ሞቶ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል። ለእሱ ሁሉም አንድ ነው። የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት። ማየት ያቃተው ድራይቭ «ይሁን» ከሚል «አይሆንም» ቢል ይሻላል፣ ቢያንስ የሰው ፋይል አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ዲስኬት ብቻ አልጻፍም ሲል ዲስኬቱን ጠርጥር፣ ሁሉም አልጻፍም ሲሉ ደግሞ ድራይቩን። ጨዋታው በደህና መነበቡ ጭንቅላቱ፣ ሞተሩና ኤሌክትሮኒክሱ ደህና መሆናቸውን ይነግርሃል። የቀረችው ያቺ ትንሽ ዓይን፣ ሰንሰሯ ናት።

የኔን ጥርጣሬ ልንገርህ? ባናው ነው። የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ፣ ብርድ የሚከላከል፣ እኔም ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ውርጭ ያለሱ የማልተኛ ነገር ነው፣ ግን ጠጉሩን ያራግፋል። ሠላሳ ዓመት ዲስክ ድራይቭ ላይ ተጠቅልሎ ሲቆይ ጠጉሩ በፊት በኩል ባለው ክፍተት ይገባል። ከሦስት ዓመት በፊት ከሞላሌ አካባቢ አንድ ድራይቭ መጥቶልኝ ከፈትኩት። ሰንሰሩ ጉድጓድ ውስጥ ቡናማ ጠጉር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የድንች ፍሬ ዓይን ይመስላል። በመርፌ ጫፍ ነቅዬ አወጣሁት፣ አንድ ክንድ ያህል ተዘረጋ። ድራይቩ ወዲያው መጻፍ ጀመረ። ባለቤቱ ስንት ልክፈል ሲለኝ አፍሬ ቡና ጋብዘኝ አልኩት።

ሳትከፍተው በፊት ግን ፈትነው። 1541 የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ሜሞሪ ያለው ሙሉ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። ከኮሞዶሩ ሆነህ ሜሞሪውን ማንበብ ትችላለህ። የሰንሰሩ ሁኔታ የሚታየው በሄክስ 1ሲ00 በሚባለው አድራሻ፣ ቢት 4 ላይ ነው። አጭር ፕሮግራም በፊደል ላስጽፍህ፣ አንተ በእንግሊዝኛ ትተይበዋለህ። መስመር 10፦ ኦፕን 15፣ 8፣ 15። መስመር 20፦ ፕሪንት ሃሽ 15፣ ቀጥሎ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ኤም፣ ሰረዝ፣ አር፤ ከጥቅሱ ውጭ ሲኤችአር ዶላር በቅንፍ 0፣ ከዚያ ሲኤችአር ዶላር በቅንፍ 28። መስመር 30፦ ጌት ሃሽ 15፣ ኤ ዶላር። መስመር 40፦ ፕሪንት ኤኤስሲ፣ በቅንፍ ኤ ዶላር ሲደመር ሲኤችአር ዶላር 0፣ ከቅንፉ ውጭ ኤንድ 16። መስመር 50፦ ክሎዝ 15። 28ቱ የ1ሲ አሥርዮሽ ነው፣ ተሳስቼ አይደለም። በቁጥር መስመር ማስገባቱን እንዳትዘልለው፣ ጌት የሚባለው ትዕዛዝ በቀጥታ ሲጻፍ አይሠራም።

ምንም ዲስኬት ሳታስገባ ፕሮግራሙን አስነሳው። ጤነኛ ድራይቭ 16 ያወጣል፣ መንገዱ ክፍት ነዋ። ቀጥለህ ጥርስ የሌለው ወፍራም ወረቀት ወይም ፕላስተር የተለጠፈበት ዲስኬት አስገባና ድገመው። 0 መሆን አለበት። ያንተ ያለ ዲስኬትም 0 ካለ ነገሩ አለቀ፣ ድራይቩ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። ባዶውን 16 ብሎ ዲስኬት ሲገባ ብቻ 0 የሚል ከሆነ ደግሞ ዲስኬቶቹን በደንብ እያቸው። ጥርሳቸው በሙሉ ተቆርጦ ላይወጣ ይችላል፣ ወይም ዲስኬቱ እስከ መጨረሻው አልገባም። ፋብሪካ ሳሉ ጨርሶ ጥርስ ሳይወጣላቸው የተሸጡም አሉ፣ በተለይ ፕሮግራም ተጭኖባቸው የመጡት።

እግረ መንገዴን ስለ ቁጥሮቹ። ድራይቩን ገና እንዳበራህ የስህተት ቻናሉን ብታነብ 73 ይላል፣ ከጎኑም የድራይቩን ስም ይጽፋል። ያ ስህተት አይደለም፣ ሰላምታ ነው። ልትጽፍ ስትል 73 ካለህ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በትራክ 18 ሴክተር 0 ላይ ያለችው የፎርማት ምልክት «ኤ» አይደለችም ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ሆን ብሎ ይቀይራት ነበር፣ በሶፍትዌር መዝጊያ መሆኑ ነው። 25 ካለህ ጽፎ ሲያረጋግጥ ያልተስማማለት ነው፣ ያኔ ጭንቅላቱን ወይም የዲስኬቱን ገጽ ተጠራጠር። ያንተ 26 ስለሆነ እነዚህ ሁሉ ቀሩልህ፣ ዕድለኛ ነህ።

ልትከፍተው ነው? ስፒናውን ንቀል። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀል። የመጀመሪያው 1541 ትራንስፎርመሩ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው፣ 220 ቮልት ከጣትህ ትንሽ ርቆ ይተኛል። ከኮሞዶሩ ጋር የሚያገናኘውንም ገመድ አውጣ። ገልብጠህ ከሥር አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍታ፣ ከዚያ መልሰህ አቃናውና ክዳኑን አንሳ። ከላይ ሰርኪዩት ቦርዱን ታያለህ፣ የድራይቩ ማሽን ከሥሩ ነው። ማንኛውንም ሶኬት ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። «አስታውሰዋለሁ» ያለ ሰው ሲያስታውስ አይቼ አላውቅም። ሰንሰሩ በግራ ጠርዝ፣ ወደ ፊት በኩል ነው። ዲስኬቱ ከሚያልፍበት ስንጥቅ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ትይዩ ናቸው። የእጅ ባትሪ ይዘህ ጎንበስ ብለህ እየው።

አጸዳዱ ላይ ጥቂት ክልክል ነገሮች አሉ። በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይገባል። ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር አታስነፋው፣ ያ አየር ዘይትና ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሰንሰሩን ቀብቶት ይመጣል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የኳስ መንፊያ ይበቃል። አልኮል ከፋርማሲ ግዛ፣ ንጹሕነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው። ያገኘኸው 70 በመቶ ከሆነ ውሃ ስላለው በደንብ ይድረቅ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት። አረቄ አይሆንም ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስለምኖር መሰለኝ። አይሆንም። አረቄ የራሱ ቦታ አለው።

እግረ መንገድህን ጭንቅላቱንም ጥረግ። 1541 የሚያነበው በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ጭንቅላቱ ያለው ከሥር ሲሆን ከላይ በትንሽ የሱፍ ጨርቅ ይጫነዋል። ስለዚህ የሚነበበው ጽሑፍ ከተለጠፈበት በኩል ሳይሆን ከታች ያለው ገጽ ነው፣ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። ጨርቋን አልኮል አታስነካት፣ ከተላጠች ሌላ ጣጣ ነው። ክንዷንም በኃይል ወደ ላይ አትሳብ።

ጸድቶም 0 ካለ ኤልኢዲውን እንጠይቅ። የዚህ ዓይነት ሰንሰር አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው የሚያወጣው። ድራይቩ በርቶ የስልክህን ካሜራ ወደ ሰንሰሩ አዙር፣ ስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ነጥብ ካየህ ይሠራል። የአንዳንድ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ያግዳል፣ የፊቱን ሞክር። መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሪሞት አረጋግጥ፣ ሪሞቱን ስትጫን ካልታየህ ካሜራህ ነው እንጂ ድራይቩ አይደለም። ማሳሰቢያ፦ ይህን የምታደርገው ክፍት ድራይቭ ላይ ኤሌክትሪክ እያለ ነው። አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፣ ምንም አትንካ፣ ልጆች ከክፍሉ ይውጡ።

ብርሃን ከሌለ ድራይቩን አጥፍተህ፣ ስፒናውንም ነቅለህ ሽቦውን በቴስተር ተከተል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተነቀለ ሶኬት ወይም የተሰነጠቀ ስታኞ ነው። ኤልኢዲው ራሱ ሞቶ ከሆነ የተበላሸ ሪሞት ውስጥ ያለው ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ ይተካዋል። ኳስ ያለው የድሮ ማውስ ካገኘህ ደግሞ የበለጠ ነው፣ ኤልኢዲውም ተቀባዩም ጥንድ ሆነው እዚያው አሉ። እግሮቹን እንዳታዘዋውር ብቻ ተጠንቀቅ። ማውሱን ከፍተህ ስታየው ለካ የኖረው ያው ሥራ ላይ ነው፣ ብርሃን ሲቋረጥ መቁጠር።

አሁን አንዳንዱ ሰው «ለምን ሰንሰሩን በሽቦ ዘግቼ ሁልጊዜ ክፍት ነው አላስብለውም?» ይላል። ይቻላል። አልመክርህም። 1541 ያንን ሰንሰር ለሌላም ሥራ ይጠቀምበታል። ዲስኬት ስታወጣና ስታስገባ ጠርዙ ብርሃኑን አቋርጦ ስለሚያልፍ ድራይቩ «ዲስክ ተቀየረ» የሚለውን የሚያውቀው በዚሁ ነው። ሰንሰሩን ካሳወርከው መቀየሩን አያውቅም። የቀድሞውን ዲስኬት የባዶ ቦታ ዝርዝር በሜሞሪው ይዞ አዲሱ ላይ ይጽፋል። የሁለቱ ዲስኬቶች መታወቂያ የተለያየ ከሆነ 29 ብሎ ያስጠነቅቅሃል፤ አጎትህ እንደ ብዙዎቻችን ሁሉንም በአንድ ዓይነት መታወቂያ ፎርማት አድርጎት ከሆነ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ አንዱን በሌላው ላይ ይጽፋል። ምን ጠፋ ብለህ ስትደነግጥ አልቋል።

የራሴን ጉድ ልንገርህ፣ ለሌላ ዓይነት ድራይቭ ቢሆንም ነገሩ ያው ነው። በ1993 ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የ3 ተኩል ኢንች ፍሎፒ ዘመን ነው። እሷ ላይ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው፦ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ከተከፈተች ተዘግቷል፣ ከተዘጋች መጻፍ ይቻላል። መስኮቷን የምትዘጋው ተንሸራታች ጥፍር ወልቃ የጠፋችበት ተማሪ ቀዳዳውን በነጭ የቁስል ፕላስተር ለጥፎ አመጣ። ጎበዝ አልኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ሠራ። ከዚያ ፕላስተሩ ተላጦ ድራይቩ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ኮምፒውተር ማንኛውንም ፍሎፒ አልጽፍም አለ። ኃላፊው ቫይረስ ነው ብሎ ሃርድ ዲስኩን ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረገን፣ የተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ አብሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ድራይቩን ፈትቼ ፕላስተሩን ሰንሰሩ ማይክሮስዊች ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ስዊቹ ሲጫን ነው «ይጻፍ» የሚለው፣ ማጣበቂያው ግን እንዳይንቀሳቀስ ይዞታል። ለማንም ሳልናገር አጸዳሁት። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ አሁን ተናገርኩ።

ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ የምሸፍነው በጥቁር ናስትሮ ነው፣ በሁለቱም ወገን፣ ጫፉን በደንብ ተጭኜ። ላንተ ዲስኬትም መዝጋት ስትፈልግ ናስትሮ ተጠቀም። ግልጽ ስኮች በፍጹም አይሆንም፣ ብርሃኑ ያልፈዋል። በማርከር የጠቆረ ወረቀትም አያስተማምንም። ለዓይንህ ጥቁር የሆነ ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም፣ በካሜራህ ደግሞ ራስህ ልታረጋግጠው ትችላለህ።

አሁን ሳትቸኩል አንድ ነገር ስማኝ። ሰንሰሩ ሲድን ጥርሳቸው ያልተሸፈነ የአጎትህ ዲስኬቶች ሁሉ ለመጻፍ ክፍት ይሆናሉ ማለት ነው፣ እስካሁን ያዳናቸው ብልሽቱ ነው። «ፎርማት አድርገው» ያለህ ጓደኛህ ድራይቩ ደህና ቢሆን ኖሮ ምን አጥፍቶብህ እንደነበር አስበው። ስለዚህ ድራይቩን ከመጠገንህ በፊት፣ ካልሆነም ጥገናው እንዳለቀ፣ ዲስኬቶቹን በሙሉ ናስትሮ ለጥፍባቸው። በአጎትህ እጅ ፕላስተር የተለጠፈባቸው ካሉ ለብቻ አስቀምጣቸው። ያንን ፕላስተር የለጠፈው ምክንያት ኖሮት ነው። ምናልባት ደብዳቤ፣ ምናልባት የትምህርት ጽሑፉ ይሆናል። አንዱ ዲስኬት በአንድ ገጹ 170 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ያ ለጽሑፍ ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ጥርስ በመቀስ ተቆርጦ ታያለህ። አይዞህ፣ ተበላሽቶ አይደለም። ገልብጦ በሌላው ገጽም ሊጠቀምበት ነው፣ ያኔ ሁሉም ያደርገው ነበር። እሱንም ናስትሮ በሁለቱም ጎን።

ከዚያ ቅዳቸው። ዙምፍሎፒ የሚባል መሣሪያ 1541ን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘዋል፣ እያንዳንዱ ዲስኬት አንድ ዲ64 ፋይል ይሆናል፣ 174848 ባይት። መሣሪያው እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ ዲስኬቶቹን ደጋግመህ አታሽከርክር። ከማስገባትህ በፊት በጭንቅላት መስኮቱ በኩል ቡናማውን ገጽ እየው። ነጭ ነጭ ሻጋታ ካየህ አታስገባው፣ ራሱም ይላጣል፣ ጭንቅላቱንም ያበላሻል፣ ቀጥሎ የምታስገባውንም ጤነኛ ይቧጭራል። እንዲህ ያለ ካለህ ለብቻው ጻፍልኝ።

የአየሩ ነገር ደግሞ አለ። መሐል ሜዳ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ለፍሎፒ ምንም ማለት አይደለም፣ ጭንቅላቱ ዲስኩን ነክቶ ነው የሚያነበው። ችግሩ ብርዱ ነው። ሌሊት በውርጭ ያደረ ዲስኬት ሞቅ ያለ ቤት፣ ምድጃ የሚነድበት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ስታስገባው ይረጥባል። ከጣርማበር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መነጽሩ ጉም የለበሰበት ሰው ይህን ያውቀዋል። ዲስኬቱን ከነከረጢቱ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት አቆየው፣ ድራይቩንም ጭምር። ሰንሰሩ ላይ ጤዛ ቢቀመጥ እሱም 26 ሊያስብለው ይችላል፣ ጠዋት አልጽፍም ብሎ ከሰዓት የሚጽፍ ድራይቭ ካጋጠመህ ይኸው ነው። እና እባክህ ወደ ባናው አትመልሰው። ንጹሕ የጥጥ ነጠላ ይሻላል።

ሌላ መሣሪያ ላላችሁም በአጭሩ። አሚጋና አታሪ ኤስቲ የ3 ተኩል ኢንቹን ነው የሚጠቀሙት፣ ስለዚህ የመስኮቷ ሕግ ይሠራል፣ የሚቆሽሸውም ብዙ ጊዜ ስዊቹ ነው። በአሚጋና በፒሲ ድራይቮች የመከልከሉ ምልክት የሚሄደው በ34 ሽቦው ኬብል ላይ በ28ኛው ነው። ይህ ሽቦ ከመሬት ሽቦ ጋር ከተነካካ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ተዘግቷል ይላል፣ ድራይቩ ደህና ሆኖ ሳለ። የተጣመመ ፒን መፈለግ ነው። አፕል 2 ላይ የጥርሷ ሕግ ከኮሞዶር ጋር አንድ ነው፣ የሚፈትሸው ግን ብርሃን ሳይሆን ስዊች ነው። የ8 ኢንች ትልልቆቹ ያሉት ሰው ካለ ደግሞ ይጠንቀቅ፣ እነሱ ላይ ጥርሱ ክፍት ሲሆን ነው የሚከለከለው። ተሸፍኖ ነው የሚጻፍባቸው።

ሳልረሳው፣ የኮሞዶሩን ጥቁር ፓወር ሰፕላይ አላመንኩትም። ከዕድሜ ብዛት 5 ቮልቱ ከፍ ይልና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። እስካሁን መሥራቱ ነገም ይሠራል ማለት አይደለም። በቴስተር ለካው፣ 5.2 ካለፈ አትሰካው። ይህ ከድራይቩ ይቅደም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ባዶውን ፈትነው። ያለ ዲስኬት 16 ነው ወይስ 0? ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንከፍተዋለን። የፊት መዝጊያውም ወደ ታች የሚጫን ይሁን የሚዞር እጀታ አብረህ ንገረኝ፣ ሁለቱ ማሽኖች የተለያዩ ስለሆኑ አፈታታቸው አንድ አይደለም።